ከከዱኝ ሰዎች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ እቁብ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። አቶቴ አካባቢ እኖራለሁ፣ 29 ዓመቴ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። እጮኛዬም እዚያው ግዢ ክፍል ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቼም እሺ ብለው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ አብሮ አደግ ጓደኛም አለችኝ። ሚዜዬ ልትሆን ቀሚስ ሁሉ ተለክታለች። ሁለቱ ከጀርባዬ እንደሚገናኙ የሰማሁት ከሌላ የሥራ ባልደረባ ነው። ስጠይቃቸው አልካዱም።

አሁን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ምሳ የምንበላው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ሦስታችንም የአንድ እቁብ አባል ነን፤ የእኔ ዕጣ ገና አልወጣም።

ማታ ማታ ፍሊትውድ ማክ የሚባል ባንድ የተጫወተውን «ዘ ቼይን» የሚል ዘፈን እየደጋገምኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ሆቴሉ ባር ውስጥ ተከፍቶ ነው። እንግሊዝኛውን ሙሉ በሙሉ ባልከታተለውም ስለ ክህደት እንደሆነ ይገባኛል። ወንድሜ «ራስሽን ነው የምትጎጂው፣ አጥፊው» ይለኛል። እርስዎ የድሮ ዘፈን ሰው ስለሆኑ ልጠይቅዎ። በዚህ ዘፈን ውስጥ የተከዳው ማነው? መስማቱን ልተወው? ሥራውንስ ልልቀቅ?

ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ልጄ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «ወንድ ሞልቷል፣ እርሺው» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ባል ሊሆንሽ የነበረውንም፣ ስለ እሱ የምታማክሪያትንም በአንድ ቀን ነው ያጣሽው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮኛሽ ሲያስከፋሽ ሮጠሽ የምትሄጂው እሷ ጋ ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል። ማታ ማታ ወደ ዘፈን መሄድሽ ምንም አይገርመኝም።

ያገኘሽውም ትልቅ ዘፈን ነው። ሐዋሳ ፒያሳ ካሴት ቤት በነበረኝ ዘመን ከውጭ ዘፈኖች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነበር። ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ስለዚህ መጀመሪያ ዘፈኑን በደንብ እንየው፤ ስለ ሥራሽ የምነግርሽም ከዚያው ይወጣል።

«ዘ ቼይን» ማለት ሰንሰለቱ ማለት ነው፤ ያለውም «ሩመርስ» የተባለው አልበም ላይ ነው። አልበሙ የወጣው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1977 ነው። በእኛ ጥር 27 ቀን 1969 ማለት ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ያን ሰሞን ሲያነሡበት ዘፈን አይደለም ትዝ የሚለው። የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የተገደሉት በዋዜማው፣ ጥር 26 ነበር። አሜሪካኖች ይህን ሸክላ ሲገዙ እኛ በሌላ ጭንቅ ውስጥ ነበርን። እኔ እጅ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ይዞት በመጣ ጊዜ ነው። ሸክላውን ስትገለብጪው የሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያ ዘፈን ይህ ነው።

ባንዱ አምስት ሰው ነበር። ድራም የሚመታው ሚክ ፍሊትውድና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጆን ማክቪ እንግሊዛውያን ናቸው፤ የባንዱ ስም ከእነሱ ስም የተገጠመ ነው። ኪቦርድ እየተጫወተች የምትዘፍነው ክርስቲን ማክቪ የጆን ሚስት ነበረች። ጊታር የሚጫወተው ሊንድዚ በኪንግሃምና ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ ደግሞ አሜሪካውያን ፍቅረኛሞች ነበሩ። በ1976 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አልበሙን ሊቀርጹ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ወዳለችው ሳውሳሊቶ ሲሄዱ ጆንና ክርስቲን ተለያይተዋል። ሊንድዚና ስቲቪ ደግሞ ፍቅራቸው አልቆ በጭቅጭቅ ላይ ናቸው። የሚክም ትዳር እየፈረሰ ነው። ሴቶቹ ወደቡ አጠገብ፣ ወንዶቹ ኮረብታው ላይ ለየብቻ ቤት ያዙ። ለሥራ ግን መስኮት በሌለው አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ይገናኛሉ።

እስቲ የአንቺን የምሳ ክፍል ከዚህ ጋር አስተያዪው። ክርስቲን ከባሏ ከተለያየች በኋላ የባንዱን የመብራት ባለሙያ ወደደች። ስለ እሱም ደስ የሚል የፍቅር ዘፈን ጻፈች። ለጆን ግን ስለ ውሻዋ ነው የጻፍኩት ብላ ነገረችው። ጆንም በዚያ ዘፈን ላይ ቤዙን ተጫወተ። ሊንድዚ በበኩሉ ስቲቪን የሚወቅስ ዘፈን ጻፈ። አንዱ ስንኝ ሐሰት ነው፣ ስሜን ያጠፋል፣ አውጣልኝ አለችው። አላወጣውም። እሷም ከኋላ ሆና ያንኑ ዘፈን አጀበችው። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። ሰው የተወጋበትን ነገር አብሮ ሲሠራ ማየት ከባድ ነው።

ወደ አንቺው ዘፈን ልመለስ። ከአልበሙ ውስጥ አምስቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት ዘፈን እሱ ብቻ ነው። የተሠራውም ከቁርጥራጭ ነው። ክርስቲን አንድ ያላለቀ ዘፈን ነበራት። መጨረሻው ላይ ያለውን የቤዝና የድራም ክፍል ወደዱት፣ የፊቱን ጣሉት። ስቲቪ ለብቻዋ የጻፈችው ግጥም ነበራት፣ እሱን አመጣች። ሊንድዚ ደግሞ በ1973 ከስቲቪ ጋር ባወጡት አልበም ላይ የተጫወተውን የጊታር አመታት መግቢያ አደረገው። ከዚያ ቴፑን በምላጭ እየቆረጡ አገጣጠሙት። እኔ ይህን ሥራ በእጄ አውቀዋለሁ። የደንበኛ ካሴት ሲበጠስ በምላጭ አስተካክዬ ቆርጬ በጥፍር ቀለም እቀጥል ነበር። እኔ የምቀጥለው የተበጠሰ ዘፈን ነው። እነሱ ግን ከሦስት የተለያየ ቦታ የመጣ ነገር ቀጥለው፣ ስፌቱ የማይታይ አንድ ዘፈን አወጡ። እንዲያውም ዋናውን ቴፕ ደጋግመው ከማጫወታቸው የተነሣ ድምፁ እየሳሳ መጥቶ፣ በተቀመጠ ቅጂ ነው የታደጉት። ቴፕ ሲያልፍ የሚረግፈውን ቡናማ ዱቄት በየምሽቱ ከማጫወቻው በአልኮልና በጥጥ እጠርግ ስለነበር፣ ያ ድንጋጤ ምን ያህል እንደሆነ ይገባኛል።

«የተከዳው ማነው?» ላልሽው፣ ጆሮሽን ለድምፆቹ ስጪ። ሲጀምር የእግር ከበሮው ብቻውን እንደ ልብ ይመታል። ጊታሩ ይገባል። ከዚያ ሰዎቹ ተደራርበው ይዘፍናሉ። ስንኞቹ ፍቅሩንም ጨለማውንም ውሸቱንም ይረግማሉ። አዝማቹ ላይ ደግሞ የገባኸው ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ ሰንሰለቱን አልበጥስም ብለህ ነበር ይላል። ይህን ቃል ስቲቪም ሊንድዚም እኩል አፋቸውን ከፍተው ነው የሚዘፍኑት። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ማይክ ፊት ቆመው አንዱን ክስ አብረው ያሰማሉ። ክርስቲንም አለችበት። ከኋላ ያለው ቤዝ የቀድሞ ባሏ ነው። እያንዳንዱ የተከዳሁት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚዘፍነው። እኔ ሌላ እንዲህ ያለ ዘፈን አላውቅም።

የእኛ ዘፈን ከዚህ ይለያል። በትዝታ ስንዘፍን የሄደው ሰው ይናፈቃል፣ የበደለውም ይናፈቃል። ጥላሁን ገሠሠ ሲያንጎራጉር የበደለሽን ሰው ጭምር ይቅር ለማለት ይዳዳሻል። «ዘ ቼይን» አይናፍቅም። ቃልህ የት ሄደ ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። አንቺ ፊት እኮ ሽማግሌ ተቀምጦ ቃል ተገብቷል። አባትሽ «እሺ» ያሉት ያንን ቃል ሰምተው ነው። ስለዚህ ከትዝታ ይልቅ ይህ ዘፈን የያዘሽ ቁጣሽ ገና ስላልወጣ ይመስለኛል። ቁጣሽም ትክክለኛ ቁጣ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። የእነሱ ታሪክ ሁሉም የበደለበት፣ ሁሉም የተበደለበት ነው። የአንቺ እንደዚያ አይደለም። ዘፈኑን እየሰማሽ «እኔስ ምን አጥፍቼ ነው» እያልሽ ራስሽን ስትመረምሪ እንዳታድሪ። ሚዜ ልትሆን ቀሚስ የተለካችው እሷ ናት። ሽማግሌ የላከው እሱ ነው።

መስማቱን ተይ አልልሽም። ወንድምሽ የሚልሽ ስለሚወድሽ ነው፣ አትቆጪው። አሰማምሽን ግን ቀይሪው። ሰው ሲከፋው አዝማቹ ጋ ሲደርስ ይመልሰውና እንደገና ይጀምራል። ካሴት ቤቴ ሲመጡ የነበሩ ልጆች አንዷን ቦታ ብቻ እየመለሱ ሲሰሙ ስንቱን ቴፕ አሳስተዋል። አንቺ እስከ መጨረሻው ስሚው። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ሁሉም ዝም ይልና ቤዙ ብቻውን ይመጣል። ጆን ማክቪ ነው። ከዚያ ድራሙ፣ ከዚያ ጊታሩ ይከተላል፣ ሩጫ ይሆናል። ያ ክፍል ሰውነትን ያነሣል። መኝታ ላይ ጨለማ ውስጥ ሆነሽ አትስሚው። ከሥራ ስትወጪ በጆሮ ማዳመጫ ከፍተሽ በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግርሽ ሂጂበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው በሞላበት ሰዓት። አንድ ጊዜ ከሰማሽው ይበቃል፣ ቀጥሎ የፈለግሽውን ሌላ ዘፈን ክፈቺ። እና እባክሽ፣ ለእሱ በቴሌግራም እንዳትልኪለት። እንዳልረሳሽው ብቻ ነው የሚረዳው።

አሁን ወደ ሥራሽ። ዛሬ አትልቀቂ። ንዴት ላይ ሆኖ የተጻፈ መልቀቂያ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሌላ ሥራ ግን በጸጥታ ፈልጊ። ስታገኚ ትሄጃለሽ፤ የምትሄጂውም አባርረውሽ ሳይሆን የተሻለ ነገር አግኝተሽ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ ከዚያ ባንድ የምትወስጂው አንድ ነገር አለ። ጆንና ክርስቲን ስቱዲዮ ውስጥ የሚነጋገሩት ስለ ሙዚቃ ብቻ ነበር። ሌላ ወሬ የለም። አንቺም ከእሱ ጋር የምትነጋገሪው ስለ ግዢ መጠየቂያና ስለ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። ደረሰኝ ጎድሎ ከመጣ «ደረሰኝ ጎድሏል» በይ፣ አበቃ። ከተቻለ ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ እንዲመጣልሽ አለቃሽን ጠይቂ። ምክንያቱን ዘርዝሪ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። የምሳ ሰዓትሽንም ግማሽ ሰዓት ወዲያ ወይ ወዲህ አድርጊው።

ከእነሱ የማትወስጂው ደግሞ ይበልጣል። ያን ጊዜ የቻሉት በመጠጥና በኮኬይን ጭምር ነው። ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። አልበሙ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፣ በ1978 የዓመቱን ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ወስዷል። ያ ሁሉ ገንዘብና ክብር ባይኖር ኖሮ አብረው ይቆዩ ነበር ብዬ አላምንም። አንቺን ማንም ግራሚ አይሸልምሽም። ስለዚህ ጆን በሚስቱ አዲስ ፍቅር ዘፈን ላይ ቤዝ እንደተጫወተው አንቺ አታድርጊ፤ ሁለቱ ነገ ቀለበት ቢያስሩና በመሥሪያ ቤቱ መዋጮ ሲዞር፣ አዋጪ የሚልሽን «አይ» በይው። ጨዋ ለመባል ብለሽ እዚያ ድረስ አትሂጂ።

ስለ ጓደኛሽ ምንም አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ስለ እሷ ልንገርሽ። ያን አልበም ሲሠሩ ስቲቪ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» የሚል ዘፈን ነበራት፣ ለሊንድዚ የተጻፈ። ረዘመ ተብሎ ከአልበሙ ወጣባት። የሊንድዚ የወቀሳ ዘፈን በነጠላ ሸክላ ሲወጣ የእሷን ከጀርባው አደረጉት። በጣም ተናደደች። በ1997 ባንዱ እንደገና ተሰብስቦ ሕዝብ ፊት ሲጫወት ያንን ዘፈን ዘፈነችው። ቪዲዮው አለ፣ ፈልጊና እዪው። መጨረሻው ላይ ወደ ሊንድዚ ዞራ፣ ዓይኑን እያየች ነው የምትዘፍንለት። 20 ዓመት ሙሉ የታፈነ ነገር ነው ከአፏ የወጣው።

አንቺ ያን ያህል አትጠብቂ። ጓደኛሽን አንድ ቀን በቀን ብርሃን፣ ከሥራ ቦታ ውጪ ቀጥሪያት። ሻይ ቤት ይሁን፣ የሁለታችሁም ቤት አይሁን። ያደረገችሽን በራስሽ አፍ ንገሪያት። አትሳደቢ፣ እሱንም አታንሺ፤ ስለ እሷና ስለ አንቺ ብቻ አውሪ። ማብራሪያ ልስጥ ካለች ስሚያት፣ መልስ መስጠት ግን ግዴታሽ አይደለም። ይቅርታ ከጠየቀችሽ «ሰምቻለሁ» ማለት በቂ ነው። ይቅርታው ከልብሽ የሚመጣበት ቀን ካለ ያኔ ትነግሪያታለሽ። ለእጮኛሽ ይህ አያስፈልገውም። የእሱ ነገር በሽማግሌ ነው የመጣው፣ በሽማግሌ ይመለስ። አባትሽ ወይም ታላቅ ወንድምሽ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ነገሩ መቅረቱን በወግ ይንገሯቸው። ለአንቺም ለስምሽም የሚበጀው ይህ ነው። በሆቴሉ ውስጥ የሚናፈሰውን ወሬ ለየብቻ ማስተባበል የለብሽም።

እቁቡን እንዳትተዪ! የአንቺ ገንዘብ ነው። ዕጣሽ እስኪወጣ በየወሩ ክፈዪ። መዋጮሽን ለሰብሳቢው ቀድመሽ ስጪውና ዕጣ የሚወጣበት ቀን አትገኚ፤ ወይም የምታምኚው አባል ይወክልሽ። ዙሩ ሲያልቅ ሌላ እቁብ ትገቢያለሽ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ዘፈኑ ሰንሰለቱ አብሮን ያቆየን እያለ ነው የሚያልቀው። ዘፈኑን ብወደውም ይህን ቃሉን አልቀበለውም። ሊንድዚ በ1987 ባንዱን ትቶ ሄደ፣ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ አሰናበቱት። ክርስቲን በኖቬምበር 2022 አርፋለች። ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ዘፈኑ ግን ይኸው አቶቴ ድረስ መጥቶ አንቺን አግኝቷል። የአንቺም የተበጠሰ ነገር ይቀጠል ብዬ አልመክርሽም።

በርቺ። ካነጋገርሻት በኋላ ጻፊልኝ።

ሌላ ጥያቄ፣ በዚሁ ዘፈን ላይ፦

ጋሼ፣ እኔ የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ነው ሰፈራችን። ቤዝ ጊታር እየተለማመድኩ ነው። የ«ዘ ቼይን»ን መጨረሻ መጫወት እፈልጋለሁ። እንግሊዝ አገር የኖረ አጎቴ ግን «እሱ የመኪና ውድድር ሙዚቃ ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦

ልጄ፣ ሁለታችሁም። ቢቢሲ ከፈረንጆቹ 1978 ጀምሮ ለፎርሙላ ዋን ፕሮግራሙ መክፈቻ ያደረገው ያንኑ የቤዝ ክፍል ነው። ለብዙ ዓመት ስለተጠቀሙበት እንግሊዝ የኖረ ሰው ቤዙን ሲሰማ መኪና ነው የሚታየው። ቃሉ በሌለበት ቦታ ስለተቆረጠ የልብ ስብራት ዘፈን መሆኑን ብዙዎቹ አያውቁም። ሙሉውን ከመጀመሪያው አንሥተህ ለአጎትህ አሰማው።

ልምምዱን በተመለከተ፣ በስልክህ ስፒከር አትስማው። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፣ ግማሹን ታጣዋለህ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ተዋስ። ኖታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጣትህ ቶሎ ይለምዳቸዋል፤ ከባዱ ነገር ሰዓት መጠበቅ ነው። ቤዙ ብቻውን ሲጀምር የሚይዝህ ድራም ስለሌለ ልጆች ሁሉ እዚያ ጋ ይቸኩላሉ። በእግርህ መሬቱን እየመታህ፣ ከዘፈኑ ፍጥነት በዝግታ ጀምር። ጊታሩ የሚገባበትን ቦታ በአፍህ እያንጎራጎርክ ሳትቸኩል መድረስ ከቻልክ ፍጥነቱን ጨምር። ጓደኞችህ ውስጥ ድራም የሚመታ ካለ ደግሞ ጊታሩን ትታችሁ ሁለታችሁ ብቻ ተለማመዱት።